ጥሪት ደፉን ሲሻገር



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ድህነት ነው፤ የምጀምረው ግን ከበሬ ነው። በማረሻ የሚተዳደር ገበሬ ሁሉ እንደሚያውቀው አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ባለ አንድ በሬው ቢጤውን ፈልጎ ይቀናጃል፤ ዛሬ የአንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን ተባብለው በመቀናጆ ያርሳሉ። ዝናብ ግን የሁለቱን ተራ ጠብቆ አይዘንብም። እርጥበቱ ሳያመልጥ የዘራው ይሻለዋል፤ ተራው የዘገየበት ምርቱ ይቀንስበታል። በሬ ጭራሽ የሌለው ደግሞ ወይ የሌላውን እርሻ በጉልበቱ እያገዘ ጥማድ ይዋሳል፣ ወይ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ባሏ የሞተባት ሴት በብዙ አካባቢ እርፍ እንዳትጨብጥ ልማድ ስለሚከለክላት፣ መሬት እያላት ግማሹን ምርት ለአራሹ ታስረክባለች። የተረፋት ግማሽ ሰኔ ላይ ያልቃል። ሐምሌንና ነሐሴን በብድር እህል ታልፋለች፤ መኸር ደርሶ አዝመራው ሲሰበሰብ ደግሞ ቀድሞ የሚመጣው አበዳሪው ነው።

እነዚህ ቤተሰቦች የአንድ ቀበሌ ሰዎች ናቸው። መሬታቸው ተቀራራቢ ነው፣ ዝናባቸው አንድ ነው፣ ሁሉም ጎሕ ሳይቀድ ይነሳሉ። ሁለት በሬ ያለው ባለ ጥማድ ደኅና ዓመት ሲመጣለት ጊደር ይገዛል። መበለቷ ግን ያው ደኅና ዓመት ሲመጣላት ያለፈውን ዓመት ብድር ትከፍላለች፤ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ትበደራለች። ስለ ድህነት በየስብሰባው ከምንሰማው ምክር አብዛኛው፣ ሥሩ፣ ቆጥቡ፣ ተደራጁ የሚለው፣ ለባለ ጥማዱ ይጠቅመዋል። ለእሷ ግን ምንም አይፈይድላትም። እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ለምን እንደማይፈይድላትና ምን እንደሚፈይድላት ነው።

ወደ ቦረና ልውሰዳችሁ። ተመራማሪዎች እዚያ የ55 ቤተሰቦችን የከብት ታሪክ ለ17 ዓመት ያህል ወደ ኋላ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመውታል። የቤተሰቡ መንጋ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ራስ ከሚሆን መጠን በላይ እስካለ ድረስ፣ ድርቅ ቢመታውም ከዓመታት በኋላ ያገግማል። ከዚያ በታች የወረደ ግን አያገግምም፤ እየሳሳ ሄዶ አንድ ሁለት ላም ላይ ይቀራል። ምክንያቱን ቦረናዎች ራሳቸው ያውቁታል። ከብቱ በሁለት ይከፈላል፤ ዋራ የሚባለው ለወተት ከቤት አጠገብ ይውላል፣ ፎራ የሚባለው ደግሞ ግጦሽና ውኃ እየተከተለ ሩቅ ይጓዛል። መንጋውን ከድርቅ የሚያወጣው ያ ጉዞ ነው። የመንጋው ቁጥር ሲያንስ ልጆች የሚጠጡት ወተት ከቤት እንዲጠፋ ካልተፈቀደ በቀር ወደ ፎራ የሚላክ አይኖርም። ስለዚህ ጥቂት ከብት ያለው ቤተሰብ በተጋጠ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ የቀሩትም እዚያው ያልቃሉ።

መንጋ ከእሱ በታች ሲወርድ የማያገግምበትን ያን መጠን እኔ ደፍ እለዋለሁ። እንደ ቤት ደፍ ነው፤ እግር ሙሉ በሙሉ ካልተነሣ ይመታል እንጂ አይሻገርም። የቦረናው ደፍ በከብት ይቆጠራል። በደጋው ምናልባት ጥማድ በሬ ነው። በከተማው ደግሞ ለጉሊት ሻጯ በአራጣ ያልተበደረችው የራሷ መነሻ ገንዘብ ነው፤ ጠዋት ተበድራ ማታ ከነወለዱ የምትመልስ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ብትነግድ ለሌላ ሰው ነው የምትነግደው።

ሰው ከደፉ በታች እንዴት እንደሚወርድ የእኛው የወሎ ታሪክ በዓለም የኢኮኖሚ ትምህርት ውስጥ ምሳሌ ሆኖ ተጽፏል። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የድህነትና የረሃብ ጥናቱ የ1965 ዓ.ም.ን እልቂት ሲመረምር፣ በጠቅላላው አገር የነበረው እህል ያን ያህል እንዳልቀነሰ አሳየ። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የሚወጣ እህል ነበር። የወሎ ገበሬ ምርቱ ሲጠፋ የሚበላውም የሚሸጠውም በአንድ ጊዜ ስለጠፋ፣ ገበያ ላይ እህል ቢኖርም የሚገዛበት አልነበረውም። የአፋሩ አርብቶ አደር ይባስ ብሎ ከብቱን ይዞ ገበያ ሲወጣ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ የከብቱ ዋጋ ወደቀ፤ በከብቱ ዋጋ የሚያገኘው እህል ከቀድሞው ጥቂት ሆነ። በዚያ ላይ የአዋሽ ዳር ግጦሹ በሰፋፊ የንግድ እርሻዎች ተይዞበት ነበር። ይህን የማነሣው የድሃ ሰው ጥሪት የሚጠፋበትን መንገድ በደንብ እንድናይ ብዬ ነው። በክፉ ቀን በሬ የሚሸጥ ሰው በሬው በሚረክስበት ሰዓት ነው የሚሸጠው፤ መልሶ ሊገዛ ሲነሣ ዝናብ ዘንቦ ሁሉም ሰው በሬ ይፈልጋል፣ ዋጋውም ሰማይ ነክቷል። በአንድ ድርቅ የተሸጠ በሬ ብዙ ዓመት የማይመለሰው ለዚህ ነው።

በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ካስፈለገው በኋላ፣ መንግሥትና ለጋሾች በየዓመቱ የአስቸኳይ ጊዜ ጥሪ እያሰሙ መኖር እንደማያዛልቅ ተስማምተው በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብርን ጀመሩ። አሠራሩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጉልበት ያለው ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን ሒሳብ እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ኩሬ ይቆፍራል፤ በቀን ሦስት ኪሎ እህል ወይም የዋጋው ግምት ይከፈለዋል። አቅመ ደካማው፣ ነፍሰ ጡሯና የሚያጠቡት ሳይሠሩ ይደገፋሉ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው የታቀፈበት፣ በአፍሪካ ካሉት ትልልቅ የማኅበራዊ ጥበቃ ሥራዎች አንዱ ሆነ። ክፍያው እየዘገየ ያስቸገረባቸው ዓመታትና ቦታዎች ብዙ ቢሆኑም፣ እኔ ይህን ሥራ አከብረዋለሁ። በሬ እንዳይሸጥ አድርጓልና።

በሬ እንዳይሸጥ ማድረግ ግን በሬ ለሌለው ቤት በሬ አያመጣም። ይህን ራሳቸው አዘጋጆቹም ስላወቁት ከክፍያው ጎን የብድርና የግብርና ድጋፍ አስገቡ፤ የተደረጉት ጥናቶችም ሁለቱን አንድ ላይ ያገኘ ቤተሰብ ክፍያውን ብቻ ካገኘው የተሻለ ጥሪት እንዳፈራ አሳይተዋል። ነገሩ የተበላሸው ምረቃ በሚባለው ከመርሐ ግብሩ መውጫ ላይ ነው። በመመሪያው መሠረት አንድ ቤተሰብ የሚመረቀው ያለ ድጋፍ ዓመቱን ሙሉ መብላት ሲችልና መጠነኛ ክፉ ቀን ሲመጣ መቋቋም ሲችል ነው። በወረቀት ላይ ይህ ትክክል ነው። ወደ ታች ሲወርድ ግን ምረቃ ኮታ ሆነባቸው የሚባሉ ወረዳዎች ነበሩ። ከብድሩ የተገዛው በግ በረት ውስጥ ሲቆጠር ጥሪት ይመስላል፤ ዕዳው ግን በረት ውስጥ አይታይም። እንዲህ የተመረቀ ቤተሰብ በጉን ሽጦ ዕዳውን ሲከፍል፣ በሚቀጥለው ክረምት ያው ሰኔ ላይ ጎተራው ይራቆታል፤ ስሙ ግን ከመዝገቡ ወጥቷል። ድሃን እንዲህ ማስመረቅ በደል ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

ደፉን በአንድ እርምጃ መሻገር እንደሚያስፈልግ ሕዝባችን ከምሁራኑ በፊት ያወቀው ይመስለኛል፤ እቁብን ተመልከቱ። ለምንድን ነው ሰዎች በየሳምንቱ የሚያገኟትን ጥቂት ገንዘብ ቤታቸው ከማስቀመጥ ይልቅ ዳኛና ጸሐፊ መርጠው፣ ዋስ ጠርተው፣ እጣ አውጥተው ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰጡት? በየሳምንቱ የምትመጣው ገንዘብ ዘይትና በርበሬ ሆና ስለምታልቅ ነው። በአንድ ጊዜ እጅ የገባች ገንዘብ ግን የልብስ ስፌት መኪና ትሆናለች፣ ጊደር ትሆናለች፣ የሱቅ እቃ ትሆናለች። በቅርብ ዓመታት በኬንያ ገጠር የተካሄደ ሰፊ ጥናት ይህንኑ አግኝቷል። ተመሳሳይ ዋጋ ያለው ገንዘብ ለአንዳንዶቹ በየወሩ ለሁለት ዓመት፣ ለሌሎቹ በአንድ ጊዜ ተሰጣቸው፤ የበለጠ ንግድ የከፈቱት በአንድ ጊዜ የተቀበሉት ናቸው። ለ12 ዓመት በየወሩ እንደሚከፈላቸው ቃል የተገባላቸው ደግሞ ምን አደረጉ? ብዙዎቹ እቁብ መሰል ማኅበር መሥርተው ወርኃዊውን ገንዘብ ራሳቸው ወደ ጥቅል ገንዘብ ለወጡት።

ከሪያድ፣ ከቤይሩት፣ ከዋሽንግተን ለቤተሰብ ገንዘብ የምትልኩ ወገኖቻችን ይህ ንግግር ታትሞ እጃችሁ ቢገባ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በየወሩ የምትልኩት ለቀለብ ነው፣ ያስፈልጋል። ግን በዓመት አንድ ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር ተመካክራችሁ በስም የተለየ ጥሪት ላይ የሚውል ጠቅለል ያለ ገንዘብ ላኩ። እህታችን አሠሪዋ ቤት ዓመታት ደክማ ስትመለስ ቤተሰቡ ከሄደችበት ቀን የተሻለ ምንም የሌለው ሆኖ መገኘቱ እጅግ የሚያሳዝን ነው፣ ደጋግሞም የሚታይ ነው።

ጥቅል ገንዘብ ካስፈለገ ብድር አለ አይደል ወይ የሚል ይኖራል። የማይክሮ ፋይናንስ ታሪክ እንደምታውቁት ከባንግላዴሽ ይነሣል። ሙሐመድ ዩኑስ እ.ኤ.አ. በ1976 ጆብራ በምትባል መንደር ለ42 ሰዎች 27 ዶላር ከኪሱ አበደረ፤ ከዚያ ግራሚን ባንክ ተወለደ፣ እ.ኤ.አ. በ2006ም የኖቤል የሰላም ሽልማት መጣ። በአገራችንም በ1988 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ ወዲህ የብድርና ቁጠባ ተቋማት ተስፋፍተው፣ ዛሬ ጸደይ ባንክንና ሲንቄ ባንክን የመሳሰሉ ሙሉ ባንኮች እስከ መሆን ደርሰዋል። አራጣ አበዳሪ ብቻ በነበረበት ቀበሌ ሕጋዊ አበዳሪ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2015 በስድስት አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በአንድነት ሲታተሙ፣ ከእነሱም አንዱ በአማራና በኦሮሚያ የተደረገ ነበር፣ ብድር የቤተሰብን ኑሮ ከሥሩ እንደማይለውጥ በአንድ ድምፅ አሳዩ። የሚነግደውን በንግዱ ያግዘዋል፤ ከደፉ በታች ያለውን ግን አያሻግረውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብድር ለድሃው ጥሪትና ዕዳ በአንድ ቀን ይሰጠዋል። በሬው ቢሞት ዕዳው አይሞትም፤ የቡድን ዋስትና ካለ ደግሞ የጎረቤቶቹም ዕዳ ይሆናል። ይህን የምታውቀው ድሃ እናት ብድር ስትሸሽ ሰነፍ ናት፣ አስተሳሰቧ አልተለወጠም የሚሏት ባለሙያዎች አሉ። እሷ ግን ሒሳቡን በትክክል ሠርታለች።

እንግዲህ የሠራ ነገር ይኖር እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ አለ። በባንግላዴሽ ብራክ የተባለው ድርጅት ብድር እንኳ የማይደርሳቸውን እጅግ ድሆች ለይቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው አካሄድ ነው። ቤተሰቡ የሚመርጠው ጥሪት፣ ላም ወይም ፍየል ወይም የንግድ እቃ፣ ይሰጠዋል። ጥሪቱ እስኪያፈራ ድረስ እንዳይሸጠው ለወራት የቀለብ ድጎማ ያገኛል። ስለ ያዘው ሥራ ይሠለጥናል፣ ቁጠባ ይጀምራል፣ የጤና ጉዳዩም ይታያል። ከሁሉ የበለጠ ግን አንድ ሰው በየጊዜው ደጁ እየመጣ፣ ላሟ ለምን ከሳች፣ ልጁ ለምን ከትምህርት ቤት ቀረ፣ ብሎ ይጠይቃል፤ ይህም ለሁለት ዓመት ያህል ይቀጥላል። ይኸው አካሄድ በስድስት አገሮች ተሞክሮ ከ10 ሺህ በላይ ቤተሰቦች ላይ የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ከስድስቱ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ሥራው በትግራይ፣ ውቅሮ አካባቢ ነው የተካሄደው። የቀለቡን ድጎማ እዚያ የሸፈነው ከላይ ያነሣሁት ሴፍቲኔት ነበር። ድጋፉ ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታዩ ቤተሰቦቹ ከሌሎቹ የተሻለ ይበሉ ነበር፣ ጥሪታቸውም በዝቶ ነበር፤ ከስድስቱ አገሮች በአምስቱ የተገኘው ጥቅም ከወጣው ወጪ በልጧል።

ያልሠራበት ስድስተኛው ቦታ ሆንዱራስ ነው፤ ከተሳካው ይልቅ ስለዚህ ማሰብ ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ። ብዙዎቹ ቤተሰቦች የወሰዱት ዶሮ ነበር፤ ዶሮዎቹ በበሽታ አለቁ። ሥልጠናው ተሰጥቷል፣ ጎብኚው ደጅ ድረስ መጥቷል፤ ጥሪቱ ራሱ ግን ለአካባቢው በሽታ የተጋለጠ ነበር። በእኛም አገር ዶሮና የተሻሻለ ዝርያ ስንቴ በየቀበሌው እንደታደለ ታስታውሳላችሁ። ክትባቱ በሰዓቱ ካልደረሰ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ሁለት ቀበሌ ማዶ ከሆነ፣ የታደለው በወራት ውስጥ ያልቃል፤ ሪፖርቱ ላይ ግን የታደለው ቁጥር እንጂ የሞተው አይጻፍም።

ከባንግላዴሽ ደግሞ ሌላ ጥናት አለ። 23 ሺህ ቤተሰቦችን ለ11 ዓመት የተከታተሉ ተመራማሪዎች ላም የተሰጣቸውን ሴቶች አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2022 ያሳተሙት ነው። የተሰጣቸው ላም አንድ ዓይነት ነበር። ከላሟ ሌላ ትንሽም ብትሆን የራሳቸው ጥሪት የነበራቸው ከደፉ በላይ ሆነው እያፈሩ ሄዱ፤ ምንም ያልነበራቸው ላሟን ይዘውም ከደፉ በታች ቀሩ፣ ወደ ነበሩበትም ተመለሱ። ለሁሉም እኩል እናድል የሚለው ፍትሐዊ የሚመስለው አሠራራችን የት ላይ እንደሚስት ከዚህ ይታያል። በአንድ ቀበሌ ለመቶ ቤተሰብ አንድ አንድ በግ ማደል ቀላልና የማያስወቅስ ነው፤ ማንም ቅሬታ አያቀርብም። መቶዎቹም እዚያው ይቀራሉ። ለሠላሳው በቂ ሰጥቶ ሰባው ተራውን እንዲጠብቅ ማድረግ ግን ምርጫው በአደባባይ፣ ሁሉም በሚያምነው ሽማግሌና በሴቶች ፊት፣ እንዲሆን ይጠይቃል። ከባድ ነው፤ ግን እቁብ የሚጥል ሕዝብ ተራ መጠበቅን ያውቅበታል።

አንድ መራራ ነገር ልጨምር። መረዳዳታችንን እንወደዋለን፣ ልንወደውም ይገባል። በቦረና ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው ከብት ሰጥቶ መልሶ ያቆመዋል። እዚያ የተደረገ ጥናት ግን እንዳሳየው ሰው የሚሰጠው ለወደቀው ሁሉ አይደለም። ደፉ አጠገብ ላለው፣ ትንሽ ቢታገዝ ሊያገግም ለሚችለው ይሰጣል፤ ለረጅም ጊዜ ድሃ ሆኖ የኖረው ይረሳል። በደጋውና በከተማውም ከዚህ ብዙ አንለይም። እድር የሚደርሰው መዋጮ ለሚከፍል ነው፤ የእቁብ እጣ የሚወጣው ዋስ ላለው ነው፤ በመቀናጆ የሚጣመረው ቢያንስ አንድ በሬ ያለው ነው። የመንደራችን መረዳዳት ያለውን ሰው እንዳይወድቅ ይይዛል፣ የሌለውን አያነሣም። ስለዚህ ሕዝቡ በባህሉ ይረዳዳ ብሎ መንግሥት እጁን የሚሰበስብ ከሆነ፣ የመጨረሻዎቹን ድሆች ያለ ረዳት ትቷቸዋል ማለት ነው።

ያም ሆኖ እድሮቻችን ከሚሠሩት በላይ መሥራት ይችላሉ። በአንዳንድ የገጠር አካባቢ እድሩ ከቀብር አልፎ በሬ ለሞተበት፣ ቤቱ ለተቃጠለበት አባል ይደርሳል። መቶ አባል ያለው እድር የአንድ ሰው በሬ ሲሞት ለመተካት እያንዳንዱ የሚያዋጣው የበሬውን ዋጋ አንድ መቶኛ ነው። ይህን በመተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ ለማስገባት የማንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም፤ መዋጮ መክፈል ያልቻለችውን መበለት በጉልበቷ ወይም በነጻ አባል የማድረግም ሥልጣን የጠቅላላ ጉባኤያችሁ ነው።

ድርቅ ሲመጣ ግን የሁሉም በሬ በአንድ ጊዜ ስለሚሞት እድሩ ራሱ ይወድቃል። ለዚህ የተሞከረው ኢንሹራንስ ነው። በቦረና በ2004 ዓ.ም. የኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ በሳተላይት የሚታየውን የግጦሽ ልምላሜ እየመዘነ ለአርብቶ አደሩ የሚከፍልበት ዋስትና ተጀምሯል። የሞተ ከብት መቁጠር ስለማያስፈልግ ክፍያው ቶሎ ሊደርስ ይችላል፤ ከብቱ ሳይሞት መኖ ይገዛበታል። ሳተላይቱ የወረዳውን አማካይ ስለሚያይ ግን የአንተ ከብት አልቆ ምንም ላይከፈልህ ይችላል፤ ይህም የብዙዎችን እምነት አሳጥቶታል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናብ በተከታታይ አምስት ወቅት ሲጠፋ እጅግ ብዙ የቦረና ቤተሰቦች መንጋቸውን አጥተው መጠለያ ገቡ። በሰሜን ደግሞ በእነዚያው ዓመታት ጦርነቱ የእርሻ በሬ አሳርዷል፣ ጎተራ አስዘርፏል። ለሁለት ዓመት ደጅ ለደጅ እየተዞረ የተገነባ ጥሪት በአንድ ሳምንት ይጠፋል። ሰላም ከሌለ እስካሁን የዘረዘርኩት ሁሉ ከንቱ ነው፤ ይህን ሳልናገር ብወርድ ንግግሬ ጎደሎ ይሆን ነበር።

እናንተ ግን ነገ ወደየቀበሌያችሁ ትመለሳላችሁ። የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይሉ ሲሰበሰብ ወይም አዲስ ፕሮጀክት ሲመጣ፣ ስንት ሰው ታቀፈ የሚለው ይነገራችኋል። እናንተ ሌላውን ጠይቁ። ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው ራሱን ችሎ እንዲቆም ይበቃል ወይ? ጥሪቱ እስኪያፈራ ቤተሰቡ ምን ይበላል? እንስሳው ቢታመም ማን ይደርሳል፣ ቢሞትስ ዕዳው የማን ነው? መሬቷን ለእኩል የሰጠችው ሴት በስሟ ነው የተመዘገበችው ወይስ በወንድሟ? የሚመረቀው ቤተሰብ ዕዳው ተቀንሶ ነው የተቆጠረው? መልሱን በቃለ ጉባኤ አስመዝግቡ፤ በዓመቱም ቃለ ጉባኤውን አስነብቡና እነዚያው ቤተሰቦች ሰኔ ላይ ጎተራቸው ምን እንደያዘ ሄዳችሁ እዩ።